ፍቺውን ማወቅና ቃሉን ማወቅ

እንግሊዝኛን በሚማር ሰው እጅ የማይጠፋ አንድ ደብተር አለ። ገጹ በመስመር ለሁለት ይከፈልና በግራ በኩል የእንግሊዝኛው ቃል፣ በቀኝ በኩል የአማርኛው ፍቺ ይጻፍበታል። ባለቤቱ መንገድ ሲሄድ፣ ሰልፍ ቆሞ ሲጠብቅ፣ ማታም ከመተኛቱ በፊት ግራውን በእጁ እየሸፈነ ቀኙን፣ ቀኙን እየሸፈነ ግራውን በቃሉ ይወጣዋል። ደብተሩ በወፈረ መጠን ዕውቀቱም የወፈረ ይመስለዋል። እኛም በተማሪነታችን ዘመን እንዲህ ያለ ደብተር ነበረን፤ ስለዚህ ይህን ልማድ የምንነቅፈው ከውጭ ቆመን እንዳይመስል አስቀድመን እንናገራለን።

ከእኛ ጋር ይማር የነበረ አንድ ጓደኛችን በቃላት ብዛት የሚስተካከለው አልነበረም። ይህ ሰው ወደ ውጭ አገር ሄዶ ለመማር ማመልከቻ ሲጽፍ፣ ስላስተማሩት አንድ የተከበሩ አዛውንት መምህር ምስጋና የሚሆን አንቀጽ አስገባ። መምህሩ ታዋቂ መሆናቸውን ሊገልጽ ፈልጎ «ፌመስ» የሚለው ቃል የልጆች መስሎ ስለ ታየው፣ ደብተሩን ገልጦ «ኖቶሪየስ» የሚለውን መረጠ። በደብተሩ ላይ የሰፈረው ፍቺ «በጣም የታወቀ፣ ስመ ጥር» የሚል ነበር። ነገር ግን ይህ ቃል በባለ ቋንቋዎቹ ዘንድ የሚነገረው በክፉ ሥራው ስሙ ለወጣ ሰው፣ ለወንበዴና ለአጭበርባሪ ነው። ማመልከቻውን ያነበቡት ሰው በቃለ መጠይቁ ቀን «እኚህ መምህርዎ ምን ወንጀል ፈጽመው ነበር?» ብለው ጠየቁት። ጓደኛችን ሳቁን ከሌሎቹ ጋር ሳቀ፤ ዕድሉንም አላጣም። ያጣው ሌላ ነገር ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ በእንግሊዝኛ ሲጽፍ የሚተማመንባቸውን ጥቂት ቃላት ብቻ እያዞረ ይጽፍ ጀመር፤ ቃሉ ሲያጥር ሐሳቡም አብሮት አጠረ። በአማርኛ ሲከራከር ማንም የማይረታው ሰው በእንግሊዝኛ ወረቀቱ ላይ የስድስተኛ ክፍል ልጅ ሆኖ ቀረ።

ይህ የአንድ ሰው ገጠመኝ ብቻ ቢሆን ኖሮ ብዕር ባላነሣንበት ነበር። በአገራችን ግን በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ እንግሊዝኛን የሁለተኛ ደረጃና የከፍተኛ ትምህርት ማስተማሪያ ቋንቋ ስላደረገው፣ ተማሪው ፊዚክሱንም ታሪኩንም የሚያገኘው በዚህ ቋንቋ በኩል ነው። ስለዚህ ከበድ ያሉ የእንግሊዝኛ ቃላትን መማር እንደ ክራቫት ለጌጥ የሚታሰር ነገር አይደለም። ቃሉን በግማሽ የሚያውቅ ተማሪ ትምህርቱንም በግማሽ ያውቃል፤ ያወቀውንም መልሶ መጻፍ ሲሳነው ምንም እንዳላወቀ ይቆጠራል።

የደብተሩ ልማድ ከየት እንደ መጣ ለመመርመር ወደ እንግሊዞቹ መዝገበ ቃላት እንመለስ፤ ዓመታቱን የምንጠቅሰው እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ነው። የመጀመሪያው የእንግሊዝኛ በእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት የሚባለው ሮበርት ኮድሪ የተባለ የትምህርት ቤት መምህር በ1604 ያሳተመው ትንሽ መጽሐፍ ነው። የያዛቸው ቃላት 2,500 ያህል ሲሆኑ፣ «ከባድ» የሚባሉ፣ አብዛኞቹም ከላቲን፣ ከግሪክና ከፈረንሳይኛ የገቡ ናቸው። ቀላሉን ቃል ማን ያጣዋል ተብሎ ታለፈ። እያንዳንዱም ከባድ ቃል በጥቂት ቀላል ቃላት ተፈታ። ከዚህ እንደምናየው የተማሪዎቻችን ባለ ሁለት ዐምድ ደብተር ከ400 ዓመት በላይ የሆነው የኮድሪ መጽሐፍ የልጅ ልጅ ነው። ልዩነቱ አንድ ብቻ ነው፤ ኮድሪ የጻፈው እንግሊዝኛን ከእናታቸው ጡት ጋር ለጠቡ ሰዎች ነበረ። የቃሉ ፍቺ ከተነገራቸው አገባቡን ከጆሮአቸው ያገኙታል። የእኛ ተማሪ ግን ያ ጆሮ የለውም።

ከኮድሪ በኋላ በ1755 የወጣው የሳሙኤል ጆንሰን መዝገበ ቃላት ሌላ መንገድ ጀመረ። ጆንሰን ለአገራችን ሰው ፈጽሞ እንግዳ አይደለም፤ የአባ ሎቦን የኢትዮጵያ ጉዞ ከፈረንሳይኛ ወደ እንግሊዝኛ የመለሰው፣ በ1759ም ስለ ሐበሻው መስፍን ስለ ራሴላስ ልብ ወለድ የጻፈው እርሱ ነው። በመዝገበ ቃላቱ ውስጥ ከ40,000 በላይ ቃላትን ሲፈታ፣ ደራስያን በቃሉ እንዴት እንደ ተጠቀሙበት ለማሳየት ከ100,000 በላይ ጥቅሶችን ደረደረ። የቃል ምስክሩ አፍ ያወጣው ዓረፍተ ነገር መሆኑን አሳየ ማለት ነው። ፍቺዎቹ ግን አንዳንድ ጊዜ ከተፈችው ቃል ይብሳሉ፤ መረብ ምን እንደ ሆነ ለመናገር የተጠቀመባቸውን ቃላት ለመረዳት ሌላ መዝገበ ቃላት ያሻል። መረብን ሁሉም ሰው ያውቀዋልና በዚህስ ብዙ የተጐዳ አይመስለንም።

ለባዕድ ተማሪ የሚሆነው መጽሐፍ የተሠራው ግን በእንግሊዝ አገር አልነበረም። አልበርት ሲድኒ ሆርንቢ የተባለ እንግሊዛዊ በ1924 ለማስተማር ወደ ጃፓን ሄደ። በቶኪዮ ሃሮልድ ፓልመር ይመራው በነበረው የእንግሊዝኛ ትምህርት ምርምር ተቋም ውስጥ ገብቶ፣ ከጌትንቢና ከዌክፊልድ ጋር ሆኖ አንድ መዝገበ ቃላት አዘጋጀ። መጽሐፉ በቶኪዮ የታተመው በ1942፣ እንግሊዝና ጃፓን በጦርነት ላይ ሳሉ ነው፤ ሆርንቢም በዚያ ወራት በግዞት ቈይቶ ወደ አገሩ ተመለሰ። ያው መጽሐፍ በ1948 በኦክስፎርድ እንደ ገና ታትሞ ዓለምን አዳረሰ። ዛሬም በየቤተ መጻሕፍታችን የሚገኘው የኦክስፎርድ የከፍተኛ ተማሪዎች መዝገበ ቃላት የእርሱ ልጅ ነው፤ ዐሥረኛው እትም በ2020 ወጥቷል።

ይህ መጽሐፍ በጃፓን መሠራቱ ያጋጣሚ ነገር አይደለም ብለን እናምናለን። እንግሊዛዊ በአገሩ ተቀምጦ «ሰጀስት» የሚለው ግሥ እንዴት እንደሚሄድ ጠይቆ አያውቅም፤ ተሳስቶ የሚናገረው ሰው በአጠገቡ የለማ። የውጭ አገር ተማሪ ግን ይሳሳታል፤ ስሕተቱም ሕጉን ያስታውሳል። አማርኛ ተናጋሪውን እንውሰድ። «እንድሄድ ሐሳብ አቀረበልኝ» ለማለት ሲፈልግ፣ ግሡን አስቀድሞ፣ «እኔን» አስከትሎ፣ «መሄድ» የሚለውን አርእስት ይጨምርበታል። እያንዳንዱ ቃል በፍቺው ትክክል ነው፤ ጠቅላላው ግን እንግሊዝኛ አይደለም። ግሡ ሰውን እንዲህ በቀጥታ ተሳቢ አድርጎ አርእስት አያስከትልም። እንዲሁም «ስለ ጉዳዩ ተወያየን» የሚለው አማርኛ «ስለ»ን ስለሚፈልግ፣ ተማሪው «ዲስከስ» ከሚለው ግሥ ኋላ «አባውት»ን ይጨምራል። እንግሊዝኛው ጉዳዩን በቀጥታ ተሳቢ ስለሚያደርገው መስተዋድድ አይሻም። ሆርንቢ የእንግሊዝኛን ግሦች በ25 ዐይነት አካሄድ ከፍሎ፣ በየግሡ አጠገብ የአካሄዱን ቍጥር አሰፈረ። ነቀፋ ካለን ይህ ነው፤ የምልክቱን ቍልፍ በመጽሐፉ መግቢያ ገጾች ላይ ፈልጎ የሚያነብ ተማሪ እምብዛም አይገኝም። ፍቺውን ካየ በኋላ መጽሐፉን ይዘጋዋል። መድኀኒቱ ከጠርሙሱ ጋር እያለ በሽተኛው የተጻፈበትን ወረቀት ብቻ አንብቦ እንደ መሄድ ነው።

ከግሥ አካሄድ የሚከብድ ሌላ ነገር ደግሞ አለ፤ ይኸውም ቃል ከማን ጋር እንደሚውል ማወቅ ነው። በዚህ ላይ ጥቂት ብንቈይ አንባቢው ይቅር ይበለን።

በአማርኛ «ፈጸመ» የሚለው ግሥ ከክፉውም ከደጉም ጋር ይውላል። ወንጀል ይፈጸማል፣ ጋብቻም ይፈጸማል፤ ግዴታ ይፈጸማል፣ ጀብዱም ይፈጸማል። ተማሪው በደብተሩ ውስጥ «ኮሚት፤ ፈጸመ» ብሎ ጽፏልና «ወዳጃችን ባለፈው እሑድ ጋብቻውን ኮሚት አደረገ» ብሎ ቢጽፍ በፍቺው አልተሳሳተም። ነገር ግን እንግሊዝኛው በዚህ መንገድ ሲነገር የሚውለው ከወንጀል፣ ከኀጢአትና ከስሕተት ጋር ስለሆነ፣ ሙሽራው ከሠርጉ ወደ ፍርድ ቤት የሚወሰድ ይመስላል። ቃሉ የክፉ ባልንጀሮቹን ሽታ ምን ያህል ተሸክሞ እንደሚሄድ ለማወቅ አንድ ነገር እንጨምር። በዚህ ዘመን ብዙ የእንግሊዝኛ ጸሐፊዎችና ጋዜጦች ራሱን ስለ ገደለ ሰው ሲጽፉ ይህን ግሥ ትተውታል፤ ሟቹን ከወንጀለኛ ጋር ይቈጥርብናል በማለት ነው። ፍቺው አንዲት ነጥብ አልተለወጠም፤ የሸሹት ጓደኞቹን ነው።

ይህ የእንግሊዝኛ ተንኰል ነው የሚል ቢኖር የራሱን ቋንቋ ይመርምር። «ለሞት ዳረገው»፣ «ለችግር ዳረገው» እንላለን፤ «ለደስታ ዳረገው» የሚል ሰው ግን አልሰማንም። በአንጻሩ «ለወግ ለማዕረግ አበቃው» እንላለን እንጂ «ለእስራት አበቃው» ያለ ሰው ቢኖር እያሾፈ ነው። ሁለቱም ግሦች አንድን ሰው ወደ አንድ ነገር ማድረስን ያሳያሉ። አማርኛን የሚማር እንግዳ ሁለቱን በደብተሩ ላይ በአንድ ፍቺ ጽፎ «ጓደኝነትህ ለደስታ ዳርጎኛል» ቢለን፣ ሐሳቡን እንረዳለን፣ ፊታችንንም ፈገግ እናደርጋለን። እኛ በእንግሊዝኛ ስንጽፍ አንባቢዎቻችን ስንት ጊዜ እንዲህ ፈገግ እንዳሉ ማን ይቈጥረዋል? እንዲህ ያለውን የቃላት ጓደኝነት በብዛት ሰብስቦ ለመዝገበ ቃላት ያበቃው ጆን ሲንክሌር በበርሚንግሃም ከባልደረቦቹ ጋር በ1987 ያሳተመው ኮቢልድ የተባለው መጽሐፍ ነው። ቃሉን የሚፈታው በቍራጭ ፍቺ ሳይሆን በሙሉ ዓረፍተ ነገር ነው፤ ማን ምንን ሲያደርግ ቃሉ እንደሚነገር ከፍቺው ጋር አብሮ ይታያል። በበኩላችን ለሚጽፍ ተማሪ ከሆርንቢው ይልቅ ይህ ይቀላል እንላለን፤ ለሚቸኵል ሰው ግን ቃሉ ይበዛበታል።

ሦስተኛው ነገር የቃል ማዕረግ ነው፤ ይህ በተለይ በመሥሪያ ቤት የምንጽፈውን ይመለከታል። ከ1066 ጀምሮ ኖርማኖች እንግሊዝን ሲገዙ ከቈዩ በኋላ፣ እንግሊዝኛ ለአንድ ነገር ሁለት ቃል እንዲኖረው ሆነ፤ አንዱ የአገሬው፣ ሁለተኛው የፈረንሳይኛና የላቲን ዘር። መጀመርን «ቢጊን» ማለትም፣ «ኮሜንስ» ማለትም ይቻላል። የቢሮ ጸሐፊ ሁልጊዜ ረጅሙንና ክብደት ያለውን ይወዳል፤ «ዩዝ» የሚበቃበትን ቦታ በ«ዩቲላይዝ» ይሞላዋል። እኛ ለዚህ ነገር እንግዶች አይደለንም። ውሃን «ማይ»፣ ዳቦን «ኅብስት» ማለት ይቻላል፤ በግዕዙም በቤተ ክርስቲያኑም ቦታቸው የታወቀ ነው። ሻይ ቤት ገብቶ «ኅብስትና ማይ አምጣልኝ» የሚል ሰው ግን ሊቅ ነው አይባልም። የአገራችን መሥሪያ ቤቶች ለውጭ አገር የሚልኳቸው አንዳንድ ደብዳቤዎች፣ ይቅርታ ይደረግልንና፣ በየመስመሩ ኅብስትና ማይ ያዝዛሉ።

ታዲያ ቃላትን በዝርዝር ማጥናት ጨርሶ ይቅር ማለታችን ነውን? አይደለም። በገዛ አገራችን የቅኔ ቤት ተማሪ ግሥ ያወርዳል፤ የግዕዙን ግሥ ከነፍቺው በቃሉ ይይዛል፤ ይህም ከማንኛውም ደብተር የበዛ ዝርዝር ነው። ልዩነቱ እዚያ ላይ አለማቆሙ ነው። ሁለት ቤት ካላት ከጉባኤ ቃና ጀምሮ ያወቀውን ግሥ ይዞ ቅኔ ይቈጥራል፣ የቈጠረውንም በመምህሩ ፊት ይነግራል። አገባቡ የተሰበረ፣ ምሥጢሩ የጐደለ እንደ ሆነ መምህሩ ያርሙታል፤ ተማሪውም በማግሥቱ ሌላ ይዞ ይመጣል። ቃሉ የእርሱ የሚሆነው በመምህሩ ፊት አውጥቶ ሲናገርበት ነው። እኛ ዘመናዊውን ትምህርት ቤት ስናቋቁም ግሥ ማውረዱን ወስደን ነገራውን ትተነዋል። የተማሪ ብዛት በየክፍሉ ምን ያህል እንደ ሆነ እናውቃለን፤ አንድ መምህር የሁሉን ጽሑፍ በየቀኑ ማረም እንደማይችልም አይጠፋንም። ነገር ግን በሳምንት ሃያ ቃላት አስጠንቶ ፍቺያቸውን ብቻ ከመጠየቅ፣ አምስት ቃላት ሰጥቶ እያንዳንዱን በሁለት ዓረፍተ ነገር አስጽፎ፣ በክፍሉ ውስጥ ጮኸው ቢያነብቡትና ቢታረሙበት ይሻላል። ዐሥራ አምስቱ ቃላት ቢቀሩ ማንም አይራብም።

እነዚያ አምስቱስ የትኞቹ ይሁኑ? ተማሪዎች ከባድ ቃል የሚሉት ያልተለመደውን ነው። «ሎኳሺየስ» ለፍላፊ ማለት መሆኑን የሚያውቅ ተማሪ ብዙ አይተናል፤ በኑሮው ሁለት ጊዜ ይጠቀምበት እንደ ሆነ እንጃ። በአሜሪካ እንኳ የኮሌጅ መግቢያው የኤስ.ኤ.ቲ. ፈተና፣ እንዲህ ያሉ ብርቅ ቃላትን ያስጠና የነበረውን የቃላት ማነጻጸሪያ ጥያቄ በ2005፣ ቃል ብቻ መርጦ ክፍት ቦታ መሙላትንም በ2016 አስቀርቷል። የኒው ዚላንዷ ተመራማሪ አቬሪል ኮክስሄድ 3.5 ሚሊዮን ቃል ያህል ካላቸው የከፍተኛ ትምህርት ጽሑፎች መርምራ በ2000 ያወጣችው ዝርዝር 570 የቃል ቤተሰቦችን ብቻ የያዘ ነው። እነዚህ ግን በእንዲህ ያሉ ጽሑፎች ውስጥ ከሚገኙት ቃላት ዐሥር በመቶ ያህሉን ይሸፍናሉ፤ በታሪክም በሕግም በሳይንስም መጽሐፍ ውስጥ ይመላለሳሉ። «አሲዩም»፣ «ዲራይቭ»፣ «ኮንሲስት»፣ «ሲግኒፊካንት» የመሳሰሉት ናቸው። ተማሪው በየገጹ ስለሚያያቸው ያወቃቸው ይመስለዋል። «ኮንሲስት» በ«ኦቭ»፣ «ዲራይቭ» በ«ፍሮም» እንደሚሄዱ ጽፎ ሲያሳይ ብቻ ነው የሚያውቃቸው። የጓደኛችን ወረቀት የተበላሸው በብርቅ ቃል ቢሆንም፣ የአብዛኛው ተማሪ ወረቀት የሚበላሸው በእነዚህ ነው።

አሁን ወደ ራሳችን መጻሕፍት እንምጣ። በ1973 ሁለት የእንግሊዝኛ አማርኛ መዛግብተ ቃላት ወጥተዋል። አንደኛው ዶክተር አምሳሉ አክሊሉ ከሞዝባክ ጋር ሆነው ያዘጋጁት፣ በአዲስ አበባ በኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ ማተሚያ ስም የታተመው ነው። ሁለተኛው ቮልፍ ሌስላው ያዘጋጁት፣ በጀርመን አገር በቪስባደን የታተመው ትልቁ መጽሐፍ ነው። የአምሳሉ መጽሐፍ ለሚያነብ ሰው የተባረከ ነው፤ የማያውቀው ቃል ሲያጋጥመው ፍቺውን ቶሎ አግኝቶ ወደ ንባቡ ይመለሳል። ስንት ተማሪ ትምህርቱን በእርሱ ተደግፎ እንደ ጨረሰ እናውቃለንና ውለታውን አንክድም። ለሚጽፍ ሰው ግን አይበቃም።

የሌስላው መጽሐፍ የተለየ ነው። የእንግሊዝኛውን ቃል ለብቻው አይፈታውም፤ በዓረፍተ ነገር ውስጥ አስገብቶ ዓረፍተ ነገሩን በሙሉ ወደ አማርኛ ይመልሰዋል። አንድ የእንግሊዝኛ ቃል በአምስት ዓረፍተ ነገር ውስጥ አምስት የተለያየ አማርኛ ሲወጣው ያየ ሰው፣ በባለ ሁለት ዐምድ ደብተር ላይ ያለው እምነት ይናወጣል። መጽሐፉ የታሰበው በተለይ አማርኛን ለሚማር የውጭ አገር ሰው ነው፤ ነገር ግን ተገልብጦ ሲነበብ ከማንም ይልቅ እኛን የሚጠቅም ሆኖ አግኝተነዋል። ጉድለቱ ሕጉን አለመናገሩ ነው። ዓረፍተ ነገሩ ትክክል መሆኑን ያሳያል፤ ተማሪው ሊሠራው ያሰበው ሌላው ዓረፍተ ነገር ለምን ስሕተት እንደሚሆን ግን አይነግረውም። ይህን ከሌስላው መጠበቅም አይገባም፤ የአማርኛ ተናጋሪ ተማሪ የሚሰናከልበትን ድንጋይ የሚያውቀው ራሱ የተሰናከለበት ነው።

ሆርንቢ ለጃፓን ተማሪዎች የሠራውን ለእኛ የሚሠራልን አንድ መጽሐፍ ይቀረናል፤ የእንግሊዝኛውን ቃል ከነአካሄዱ፣ ከነጓደኞቹና ከነማዕረጉ የሚያሳይ፣ ከአማርኛው ፍቺ የት ላይ እንደሚለይም በግልጽ የሚናገር። የመምህራን ማሠልጠኛዎችና የዩኒቨርሲቲዎቻችን የቋንቋ ክፍሎች ቢተባበሩ ከኮክስሄድ 570 ቤተሰቦች ሊጀምሩ ይችላሉ። ነገሩን በወሬ ብቻ እንዳንተወው አንዱን ቃል፣ ከዝርዝሩ ውስጥ ያለውን ያንኑ የሙሽራውን ቃል፣ ራሳችን ሞክረነዋል፤

«ኮሚት፤ ተሻጋሪ ግሥ። አንደኛ፤ ወንጀልን፣ ኀጢአትን፣ ስሕተትን ፈጸመ። በአማርኛ ‹ፈጸመ› ለጋብቻ፣ ለግዴታና ለበጎ ሥራ ይነገራል፤ ይህኛው በዚህ ፍቺው አይነገርም። ሁለተኛ፤ ገንዘብን ወይም ሠራዊትን ለአንድ ጉዳይ መደበ፣ አዋለ፤ ‹ቱ› ያስከትላል። ሦስተኛ፤ ‹ራስ› የሚለውን ተሳቢ አድርጎ ‹ቱ› ሲያስከትል፣ ላይመለስ ቃል ገባ፣ ራሱን ሰጠ። በዚህ በሦስተኛው ፍቺ ስለ ሙሽራ ሊነገር ይችላል።»

ይህን አንድ ቃል ለመጻፍ አንድ ሙሉ ማታ ፈጅቶብናል፤ ሦስት መዛግብትም አገላብጠናል። ስሕተት ያገኘበት መምህር ቢኖር አርሞ ይላክልን፤ እርማቱን በሚመጣው እትም እናወጣዋለን።